በልጄ ጫንቃ የተሳልሁት ጃንጥላ

ቤቴን ስጠርግ የላጲስ ፍርፋሪ አገኝ ነበር። ከልጄ ጠረጴዛ ሥር፣ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ አንዳንዴም ከማበጥረው አተር መካከል ሳይቀር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጎረቤቴ ልጇ ከረንቡላ ቤት እየዋለ ስታማርር የእኔ ልጅ በሳምንት አንድ ላጲስ ትጨርሳለች። «የተማረ ሰው ቤት እንዲህ ነው» እያልሁ እጠርጋለሁ። ምን እየጠረግሁ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከቆላ ድባ ወጣ ካለች ገጠር። አምስተኛ ልገባ ስል ዳሩኝ። ጎንደር የመጣሁት ባሌ በዘበኝነት ሲቀጠር ነው። ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ተከራይተን ተቀመጥን። እርሱ የሰው ግቢ ይጠብቃል፤ እኔ ባልትና እሠራለሁ፤ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ አራዳ ላሉ ሱቆች አስረክባለሁ፤ ከቤትም በኪሎ እሸጣለሁ። የወለድናት አንዲት ልጅ ናት። ከእርሷ በኋላ አልወለድሁም።

ይህችን ልጅ ፊደል ያስተማራት የለም። ገና አምስት ዓመቷ ሳይሞላ የጨው ፌስታል አንሥታ በላዩ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችልን። ከጎረቤት ልጅ ደብተር አይታ ነው አሉ። ባሌ አፉን ይዞ፣ «ይህችን ልጅ ሆስፒታል ለውጠውብን እንዳይሆን! አንቺ እንደሆነ እስከ ዛሬ በጣትሽ ነው የምትቆጥሪ» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ ጣቴም አያውቅ።»

አንደኛ ክፍል ገባች፤ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ አንደኛ ወጣች። ካርዷን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥሁት። ሩብ ኪሎ ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ካርዱን ሳያይ አይወጣም። አንዷ ደንበኛዬ «ሽሮሽ ሸጋ ነው፤ ካርዱ ግን አንጀቴን አቆሰለው፤ የእኔዋ ሠላሳ አምስተኛ ናት» እያለች ታስቀኝ ነበር። ልጄ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይወርዳል፤ ቢሮ ስገባ እግሬ ይተሳሰራል። ከሁሉ የምፈራው ግን ልጄ እኔን እንዳትሆን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተኩስ የተሰማ ቀን ልጅን ከበር ላይ ነጥቆ መሮጥ ነው። አንድ ሙሉ ወር ቤት ተቀምጣ ደብተሯን ስታገላብጥ እያየሁ፣ «እኔ አራተኛ ክፍል ላይ እንደቀረሁ፣ ይህ ጊዜ ልጄንም ሊያስቀርብኝ ነው» እል ነበር። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ ነው ያን ስለት የተሳልሁት።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተንበት ዓመት ነው። የኅዳር ቁስቋም ንግሥ ዕለት ልጄን ይዤ ወጣሁ። ታቦቱ ዑደት ሲያደርግ፣ ስለታቸው የሰመረላቸው ሴቶች ያስገቡት ጃንጥላ ሁሉ ያለ ዝናብ ተዘርግቶ ሲያብረቀርቅ ሆዴ ባባ። እጄን ዘርግቼ፣ «ቁስቋም ማርያም፣ ልጄ እስከ አሥራ ሁለተኛ አንደኛ እየወጣች ከጨረሰችልኝ በወርቅ ዘርፍ ያጌጠ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ!» አልሁ። በልቤ ብለው ደግ ነበር። ጮኼ ነው ያልሁት። በዙሪያዬ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ልጄ እጄን ይዛለች። እጇ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶኛል። የኅዳር ብርድ መስሎኝ ነጠላዬን ደረብሁላት።

ሚኒስትሪውን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆና አለፈች። እኔም ዋጋው ሳይንር ብዬ ጃንጥላውን ከወዲሁ ገዛሁት። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን የሚወዛወዝ ወርቃማ ዘርፍ አለው። አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቀለልሁና ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ባዶ የነበረው ግድግዳ ከልጄ ማጥኛ ጠረጴዛ በላይ ያለው ብቻ ነው። እዚያ ሰቀልሁት፤ ቀና ባለች ቁጥር እንድታየው አድርጌ።

ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ደኅና ነሽ ወይ» ማለት ቀረ። «ጃንጥላችን እንዴት ናት?» ይሏታል። አንዷ ደግሞ፣ «በርቺ እንጂ! እመቤታችንን ፀሐይ ላይ አቁመሽ ታስጠብቂያታለሽ?» ትላታለች። ይሣቃሉ። እኔም አብሬ እሥቅ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሆና አንድ ቀን እየሮጠች ገባች። «እማዬ፣ በባዮሎጂ ዘጠና ሰባት አመጣሁ!»

በርበሬ እየቀነጠስሁ ነበር። ቀና ሳልል፣ «ሦስቷንስ ለማን ሰጥተሽ መጣሽ?» አልኋት።

ቀልዴን ነበር። በእውነት ቀልዴን ነበር። ግን ቀልድ ከሆነ ለምን ቀና ብዬ አላየኋትም? ከዚያ በኋላ እንዲያ እየሮጠች ገብታ አታውቅም።

በማግሥቱ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ወደ ሌላ ደብተር መገልበጥ ጀመረች። አንዲት መሥመር ከተጣመመች ገጹ ይቀደዳል። አንድ ፊደል ከደመቀች ላጲስ። የቤት ሥራዋን ሦስት ጊዜ ጽፋ አራተኛውን ሳትጨርስ ሰዓቱ ደርሶ፣ ሳታስረክበው ትቀራለች። ለእኔ አትነግረኝም። የፈተና ቀን ቁርስ አይገባላትም። «ለልጄማ ትምህርቷ ምግቧ ነው» እያልሁ ለጎረቤት አወራለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል እንደገባች ሹሩባ ልሠራት ከጉልበቴ ሥር አስቀመጥኋት። ከግራ ጆሮዋ በላይ ጣቴ ልሙጥ ነገር ነካ። የብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ጸጉር የላትም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ እንጃ።»

«ቋቁቻ ነው» አልሁ። ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ አሸሁላት። ዝም ብላ ትታሻለች። ቦታው እየሰፋ ሄደ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን ስልኬ ጠራ። የልጄ ክፍል ኃላፊ፣ ሒሳብም የምታስተምራት ወጣት መምህርት ናት። «ቢመጡ ደግ ነው» አለችኝ። የሽሮ ዱቄት የነካው ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር ሄድሁ።

«ምነው ቲቸር፣ ልጄ ምን አጠፋች?»

የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ከላይ የልጄ ስም አለ፤ ያውም በሸጋ እጅ። ከዚያ በታች ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አልሁ።

«ባዶ አይደለም። ወደ መስኮቱ አንሥተው ይዩት።»

አነሣሁት። ብርሃኑ ሲያልፍበት ወረቀቱ ሁሉ ጠባሳ ነው። ተጽፎ ጠፍቷል፤ እንደገና ተጽፎ እንደገና ጠፍቷል። ሁለት ቦታ ላይ ተበስቷል።

«ሁሉንም ሠርታው ነበር» አለች መምህሯ። «እስከቻልሁት ድረስ አንብቤዋለሁ፤ ከአንዱ በቀር ልክ ናቸው። ያን አንዱን ስላላመነችበት ሁሉንም አጠፋችው። ‹ተሳስቼ ከምሰጥ ባዶ ብሰጥ ይሻላል› አለችኝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እንዳልሁ ልንገራችሁ። «አንዷን ምነው ሳተቻት?» አልሁ።

መምህሯ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ቀስ ብላም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጃንጥላው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የምን ጃንጥላ?»

«‹ምን ያስፈራሻል› ብላት ስለ ፈተና አልነገረችኝም። ‹ጃንጥላው በእኔ ምክንያት ይቀራል› ነው ያለችኝ። ጸጉሯንስ አይተዋል? ስትጨነቅ አንድ በአንድ ትነቅለዋለች።»

«ቋቁቻ ነው ብዬ…» አልሁ።

መምህሯ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እንዲህ ያሉ ጎበዝ ልጆች ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የሚፈሩ ናቸው» አለችኝ። «ሰነፉ ቢወድቅ ተነሥቶ ይሄዳል። እነርሱ መውደቅን አያውቁበትም።» ከዚያ ሰኞ ጠዋት ብቻዋን ልትፈትናት ርእሰ መምህሩን እንዳስፈቀደች ነገረችኝ። ካልመጣች ባዶው ወረቀት ነው የሚያዘው። «እርስዎ ግን እስከ ሰኞ ‹አንደኛ› የምትለዋን ቃል በቤትዎ አያንሷት።»

እኔ ደግሞ ቤት ስገባ ያደረግሁት ምንድን ነው? ላጲሶቿን ሁሉ ሰብስቤ ሽንት ቤት ጣልኋቸው። መርዳቴ ነበር። ልጄ መጥታ ስታጣቸው ጣቷን በምራቋ እያራሰች ደብተሩን ትፈትገው ገባች። ወረቀቱ ተቀደደ። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ዕንባዋን ጠርጋ፣ ፈጽሞ በረጋ ድምፅ፣ «ሰኞ አልሄድም» አለችኝ።

«ምነው ልጄ?»

«ካልተፈተንሁ አልሳሳትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካንቺ ጋር ሽሮ እሸጣለሁ።»

ያ የምፈራው ነገር ከእርሷ አፍ ወጣ። ወደ ግድግዳው ቀና ብላ ጃንጥላውን አየችና፣ «እማዬ፣ ሁለተኛ ብወጣ ይህን ምን ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። «ምንም» ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም። በልቤ ያሰብሁት ሴቶቹ ምን ይላሉ የሚለውን ነበር፤ ልጄ ደግሞ ፊቴን አንብባ ጨረሰችው። ካነበበችው ሁሉ ቀድማ ያነበበችው እኮ የእኔን ፊት ነው።

ባሌ ብዙ አይናገርም። ዓርብ ከሥራው ሲመለስ ሁሉን ነገርሁት። ጫማውን እያወለቀ፣ «እኔ የሰው በር ነው የምጠብቅ፤ ስጠብቅም ሰው አላሠርሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ያውቃሉ።

«አባ፣ ስለቴን ፍቱልኝ።»

«ምን ነበር የተሳልሽው?»

ነገርኋቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«አንደኛ የምትወጣው አንቺ ነሽ?»

«ልጄ ናት እንጂ።»

«የጎረቤትሽን በሬ ለማርያም ተስለሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላደርገውም አባ!»

«ለምን?»

«የሰው ነዋ!»

«የልጅቱ ጫንቃስ የማን ነው?»

«እንግዲያ ፍቱልኝ» አልኋቸው።

«አልፈታውም። ነገ አስገቢው።»

«ነገ? እንዴት አባ? አሥራ ሁለተኛ አልጨረሰች፤ ይኸው ባዶ ወረቀት ሰጥታ…»

«ሳትፈተን አስገቢው። ከተፈተነችማ ያው የውጤቷ ዋጋ ልታደርጊው ነው።»

«ሰውስ ምን ይለኛል?»

«አሃ፣ የፈራሽው ሰውን ነው?» አሉ እየሣቁ። «እኔ ማርያምን የፈራሽ መስሎኝ!» ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝና፣ «ልጅቱንም ይቅርታ ጠይቂያት» አሉኝ።

ይኸኛው ከጃንጥላው ይከብድ ነበር። በእኛ ዘንድ እናት ልጇን ይቅር በይኝ አትልም። በጫማ፣ በዳቦ ትክሳለች እንጂ። ቤት ገባሁና ምስር ለቀማ ተቀመጥሁ። ልጄ አልጋ ላይ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኝታለች። ፊቷን ማየት ስላልቻልሁ ለምስሩ ተናገርሁ።

«ያን ቀን ሦስቷን የጠየቅሁሽ…»

ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች።

«ዘጠና ሰባት ያመጣሽ ቀን።»

«ታስታውሺዋለሽ?» አለች ሳትዞር።

«ከሐሙስ ወዲህ ነው ያስታወስሁት።»

«እኔ ረስቼው አላውቅም።»

ምስሩ ዐይኔ ላይ ተደበላለቀ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሴት መሰለኝ። ተነሥታ መጥታ ከሰፌዱ በወዲያ በኩል ተቀመጠች፤ ጠጠር መልቀም ጀመረች። አንድ ጠጠር ስታልፍ አየሁ። ዝም አልሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠጠር አልፋ ዝም ብያት አላውቅም።

«ጃንጥላውን ነገ አስገባዋለሁ» አልኋት። «ሰኞ ሄድሽም ቀረሽም።»

«ምን ብለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

እሑድ ባሌ ጃንጥላውን ከግድግዳው አወረደው። ምስማሩ ብቻ ቀረ። ልጄ አብራን አልወጣችም። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ስለት የሚያሳውቀው ሰውዬ ዘንድ ሄድሁ። ማይኩን ይዞ፣ «እሰይ እናቴ! ምን ተደረገልሽ ልበል?» አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ልጅ ወለድሁ» አልሁ።

«እልል በሉ! መቼ?»

«አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።»

ማይኩ ክፍት ነበር። ግቢው ሁሉ ሣቀ። «ምነው፣ ስታምጪ ነው የከረምሽው?» አለች አንዲት ሴት። ያቺ ‹እመቤታችንን ፀሐይ ላይ አቁመሽ› የምትለዋ ጎረቤቴ ደግሞ ከኋላ፣ «አንደኛነቱስ? እስከ አሥራ ሁለተኛ አላልሽም ነበር?» አለች።

«እሱን ማርያም አልጠየቀችኝም» አልኋት። «የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ልጄ ጃንጥላ የለባትም። ከእንግዲህ መንገድ ላይ አትጠይቋት።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዞር ስል ልጄን ከግንቡ ሥር አየኋት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ በነጠላው ጫፍ አፏን ይዛለች። ትሣቅ ታልቅስ አላወቅሁም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከጎኔ ሆነች። «እማዬ፣ ሰው አሣቅሽ እኮ።»

«ይሣቁ። በእኔ ላይ ይሣቁ።»

«ከወለድሽ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ አራስ ሆንሽ።»

«እንግዲያ ገንፎ አብስይልኝ» አልኋት። ባሌ ከፊት ከፊት እየሄደ ትከሻው በሣቅ ሲነቀነቅ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን አነሣች። ከኋላዋ ተከትዬ ሄጄ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሆኜ ቆምሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምሁ። እንዳታጠፋው ብቻ ለመንሁ። ስትወጣ ፊቷ ነጥቷል።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት። መምህሯ በእስክሪብቶ ጻፊ አለችኝ። አንዱን ተሳስቼ ሰረዝሁት፤ ስርዙም አብሮ ሄደ።»

«ስንት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ትኩስ ድንች ዋጥሁት። «ቁርስ በልተሻል?» አልኋት። አልበላሁም አለች። ከመንገድ ዳር ብስኩትና ሻይ ገዛሁላት፤ ሁለቱንም ጨረሰች።

በዚያ መንፈቅ ዓመት ሦስተኛ ወጣች። ካርዱን ስታሳየኝ ዐይኔ አስቀድሞ የፈለገው አንደኛ የሚለውን ቃል ነው። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። «ጎበዝ» አልኋትና ዕንባዬ ሲመጣ ወደ በርበሬው ዞርሁ፤ በርበሬው ነው ብዬ አስነጠስሁ። አውቃብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ካርዱን ከሚዛኑ አጠገብ አላኖርሁትም፤ እርሷ ራሷ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው።

አሁንም አንዳንድ ቀን ትሰርዛለች፣ ደብተር ትገለብጣለች። ላጲስም ገዝቼላታለሁ። እጇ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ካየሁ አልቆጣትም፤ ምስር አቀርብላታለሁ፣ እጇ ሥራ ያገኛል። ይህን ያስተማረችኝ መምህሯ ናት።

ባለፈው ሰንበት ሹሩባ ልሠራት ከጉልበቴ ሥር ተቀመጠች። ጣቴ ያን ቦታ ፈራ ተባ እያለ ነካው። ጸጉር አብቅሏል፤ አጭር፣ ሸካራ፣ እንደ ሕፃን ጸጉር የቆመ። ወደ ጎንጉኑ ላስገባው ሞከርሁ። አልደርስ አለ።

«እማዬ፣ ይወጣል?» አለችኝ።

«ወጥቷል» አልኋት። «ገና አጭር ነው እንጂ።»

«ያስጠላል?»

ትንሽ ያስጠላል። ከጎንጉኑ ውጪ እንደቆመ ተውሁትና ሌላውን ቀጠልሁ።